«ስንተኛ ወጣህ?»

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ይሰጣል። ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ መንገዱን ሙሉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ባለሱቋ ትጠይቀዋለች፤ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ይጠይቁታል፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲደውልም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። አንደኛ የወጣ ይሳማል፣ ይመረቃል፣ ብር ቢጤ ይሰጠዋል። አርባኛ የወጣው «አይ አንተ!» ይባላል። ካርዱ ላይ የየትምህርቱ ውጤት አለ፤ የቀረበት ቀን ብዛት አለ፤ ስለ ጸባዩ የተጻፈ አለ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ዘለን ዓይናችን የሚያርፈው «ደረጃ» በምትለው አንዲት ሳጥን ላይ ነው።

በዚያች ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር የማን ነው? የልጁ ነው? የቤቱ ነው? ወይስ የትምህርት ቤቱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ማንን እንደምናመሰግን፣ ማንን እንደምንወቅስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት የሚወስነው ለዚህ የምንሰጠው መልስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ብቻ የሚተው አይደለም። የፍትሕ ጉዳይ ነው።

አንድ ዴስክ፣ ሦስት ቤት

ጥያቄውን መሬት እናስይዘው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ የደቡብ ወሎው ቦረና ማለቴ ነው። ከደሴ ተነስቶ አቀስታን አልፎ ደጋ ደጋውን ሲጓዝ የዋለ መኪና እሷ ጋ ይደርሳል፤ ከእሷ ወዲያ ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት አገር ነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አብሮ ያድግበታል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ዋና ግቢው ቱሉ አውሊያ ሆኖ፣ እዚህ መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ሌላ ግቢ አለው።

በእንዲህ ያለ ከተማ ያለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰበስበው ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የተቀመጡ ልጆችን ለምሳሌ እንውሰድ። ስም አያስፈልጋቸውም፤ በዚያ አገር ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ናት። አንደኛ ክፍል የገባችው ኬጂ ጨርሳ ነው፤ ፊደል ለይታለች፣ እርሳስ አያያዝ ታውቃለች። ማታ ቤት ውስጥ መብራት አለ፤ «እስቲ ደብተርሽን አምጪው» የሚላት ሰውም አለ።

ሁለተኛው ከከተማዋ ዳር ካለ ገጠር የሚመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ጠዋት በጎቹን አሰማርቶ፣ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል። ፈረቃው የከሰዓት በኋላ ከሆነ ቤቱ ሲገባ ይመሽበታል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በልግ በሚያበቅለው ደጋ ደግሞ አጨዳው ከሰኔው ፈተና ጋር ይገጥማል። አባቱ የሚያስቀረው ክፉ ሆኖ አይደለም። የደረሰ እህል በረዶ ሊመታው፣ ዝናብ ሊያበሰብሰው ይችላል፤ ትምህርት ግን ነገም አለ ብሎ ያስባል።

ሦስተኛዋ ዘመድ ቤት የተጠጋች ናት። «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ነው የመጣችው፤ ትማራለችም። ግን ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ቡና ታፈላለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እሷም ዓይኗ ተከድኗል።

የሒሳብ ፈተና ተፈተኑ እንበል። አንደኛዋ 82፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛዋ 48 አገኙ። መምህሩ አላዳላም። ጥያቄው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ እርማቱም ትክክል ነው። ታዲያ ውጤቱ ፍትሐዊ ነው? ፈተናው ፍትሐዊ ነው። ፈተናው የጠየቀው «ዛሬ ምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ነው፤ የተመለሰለትም እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ያንን ቁጥር ይዘን ሌላ ጥያቄ ስንመልስበት ነው፤ «እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» የሚለውን። ለዚህኛው ጥያቄ ፈተናው አልተዘጋጀም።

ሰነፍ

ይህን መቀላቀል ቀላል የሚያደርግልን የራሳችን ቋንቋ ነው። በትምህርት ቤት አማርኛ ሁለት ዓይነት ተማሪ ብቻ አለ፤ ጎበዝና ሰነፍ። «ጎበዝ» ስንል ብሩህ ነው ማለታችን ነው? ታታሪ ነው ማለታችን ነው? ወይስ እንደ ድሮው ጀግና ነው ማለታችን? ሦስቱንም ባንድ ላይ ነው የምንለው። «ሰነፍ»ም እንዲሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሰነፍ ማለት ማስተዋል የጎደለው ሰው ነው። በቤት ውስጥ ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ነው። በክፍል ውስጥ ደግሞ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ማለት ነው። አንዲት ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለያዘች፣ 48 ያመጣችውን ልጅ «ሰነፍ ናት» ባልን ቁጥር አለማወቋን ብቻ አይደለም የምንናገረው። አትሠራም፣ አታስተውልም ብለን እየፈረድንባት ነው። እሷ ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ብዙ ሥራ የምትሠራው ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ሌሎቹም ቃሎቻችን ከዚህ አይሻሉም። «ቀለም አይገባውም» እንላለን፤ ጥፋቱ ቀለሙን ከሚያስገባው ሳይሆን ከማይገባው ነው እንደማለት። «ዶማ» የሚል ስድብም አለን። ልጁ ይህን እየሰማ አራት አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ መምህሩ ባይነግረውም ራሱ ለራሱ ይነግረዋል። አምስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ «ለምን ተውከው?» ቢባል «አይ እኔ ትምህርት አይሆነኝም» ነው የሚለው። ራሱን ካሳመነ በኋላ ማንም ሌላ ሰው ተጠያቂ አይሆንም። ይህ ለትምህርት ቤቱም፣ ለወረዳውም፣ ለእኛም በጣም የሚመች ነገር ነው።

የቃሉ ድካም በደንብ የታየው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። እስቲ በ«ሰነፍ» ቃል ይህን ለማስረዳት እንሞክር። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰነፍ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ አሥርም ሊኖሩ ይችላሉ። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ግን አንድም ትጉህ ልጅ የሌላቸው ሆነው ነው? ማንም እንዲህ አይልም። እዚያ ደረጃ ላይ ስንደርስ ሁላችንም «የሥርዓቱ ችግር ነው» እንላለን። የሚገርመው፣ አንድ ልጅ ብቻውን 48 ይዞ ሲመጣ ያው ሥርዓት ከእሱ ጋር መምጣቱ አይታየንም።

ነገሩ የጀመረው ደግሞ 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎችና አካባቢዎች ያህል የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ካያቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ምዘናም የአራተኛ ክፍልን አማካይ ውጤት በመጀመሪያው ዙር 47.9፣ በሦስተኛው ዙር 40.9 ብሎ መዝግቧል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ቃል ያላነበበ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ላይ የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ ምን ብሎ ያነብባል? መካነ ሰላም ላይ የዩኒቨርሲቲው አጥር በእግር ይደረሳል። ወደ ውስጡ የሚያስገባው መንገድ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ግን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው።

ምክንያት እና ማመካኛ

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ስለዚህ ድህነት ነው ጥፋተኛው» ሊል ይችላል። ብዙ የተማሩ ሰዎችም ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ጥናት ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን መርምሮ፣ የልጅን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ የበለጠ እንደሚወስነው አሳየ። ጥናቱ የተፈለገው በጥቁርና በነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ነበር። ብዙ ሰው ግን «ትምህርት ቤት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም» የሚል ትምህርት ወሰደበት።

ይህ ግኝት የሁሉም አገር እውነት ነው ወይ ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ስቲቨን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥናት 29 አገሮችን አነጻጽሮ በድሀ አገሮች ነገሩ የተገለበጠ ሆኖ አገኘው፤ አገሩ በደኸየ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ድርሻ ከቤተሰቡ ድርሻ ይበልጣል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱ እየጠበበ መሄዱን አሳይተዋል። ሐሳቡ ግን ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። መጽሐፍ በሌለበት ቤት የሚያድግ ልጅ መጽሐፍ የሚያገኘው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ቢደክም የሚጎዳው ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው፤ ቢበረታም ከሁሉ ይልቅ የሚያተርፈው እሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛዋ ልጅ መምህሯ ቢቀር ማታ እናቷ አለችላት።

«ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ የኢትዮጵያን፣ የሕንድን፣ የፔሩንና የቬትናምን ልጆች ለረጅም ዓመታት ተከታትሏል። የአራቱን አገሮች ልጆች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ያዩት ልዩነት ትምህርት ከመጀመሩ በፊትም የነበረ ነው። ይበልጥ የሰፋው ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የቬትናም ልጅ በአንድ የትምህርት ዓመት የሚጨምረው እውቀት ከሌሎቹ ይበልጣል። የቬትናም ገጠርም ድሀ ነበር። ድህነት ስለ ልጁ መነሻ ብዙ ይነግረናል። አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን ድህነቱ ብቻውን አይወስንም።

አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል። «ምክንያት» እና «ማመካኛ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። «ይህች ልጅ ውሃ እየቀዳች ነው የምታረፍደው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምክንያትም ማመካኛም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከአፋችን ከወጣ በኋላ በምናደርገው ነው። መምህሩ ይህን ብሎ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትምህርት በሌላ ሰዓት የሚከልስላት ከሆነ ምክንያት ነው። ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ካለፈ ማመካኛ ነው። ርእሰ መምህሩ «ተማሪዎቻችን የገበሬ ልጆች ናቸው» ብሎ የማጠናከሪያ ትምህርቱን ከአጨዳ በኋላ ቢያደርገው ምክንያት ነው። ወረዳ ላይ በሚቀርብ ሪፖርት «የውጤት ማነስ ምክንያቶች» በሚል ርእስ ሥር ጽፎት ቢቀመጥ ርእሱ ምክንያት ይበል እንጂ ሥራው የማመካኛ ነው።

ስለ ተማሪዎች ማንነት የምንሰበስበው መረጃ ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት ብዬ አምናለሁ። የልጁን ቤት ማወቅ የሚገባን እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን ለመወሰን ነው። ልጁ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመወሰን ከተጠቀምንበት ግን መረጃው ራሱ በደል ይሆናል።

አማካይ ሲያታልል

«እሺ፤ ልጁን ትተን ትምህርት ቤቱን እንመዝን» ቢባልስ? ይህም ወጥመድ አለው። ትምህርት ቤቶች የሚነጻጸሩት ባመጡት አማካይና ባሳለፉት ተማሪ መቶኛ ነው። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 50 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል አማካይ ውጤቱ 52 ነው እንበል። ከእነዚህ ውስጥ አማካያቸው 32 የሆነ 10 ልጆች በዓመቱ መካከል ትምህርት አቋረጡ፤ አንዱ ለእረኝነት፣ አንዷ ለትዳር፣ ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስትል። የቀሩት 40 ልጆች አማካይ 57 ይሆናል። ማንም አንዲት ተጨማሪ ፊደል አልተማረም። መምህሩ የተለየ ነገር አላደረገም። የትምህርት ቤቱ ውጤት ግን በአምስት ነጥብ «ተሻሻለ»።

በተቃራኒው፣ እነዚያን አሥር ልጆች ቤት ለቤት ዞሮ፣ ሽማግሌና ሼህ፣ ቄስና የወላጅ ኮሚቴ አስልኮ የመለሰ ርእሰ መምህር አማካዩ ይወርድበታል። በሰኔው ግምገማ ላይ ከጎረቤት ትምህርት ቤት «ተሞክሮ ውሰድ» ሊባል ይችላል። የሠራው ሥራ ግን በዚያ ዓመት በወረዳው ከተሠራው ሁሉ ይበልጥ ይሆናል። ቁጥር ብቻውን ሲዳኝ ደካማውን ልጅ የያዘ ይቀጣል፣ የለቀቀው ይሸለማል ማለት ነው። ይህን ያሰበው ክፉ ሰው የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ቅን ሰዎች ቅን ሰንጠረዥ እየሞሉ የሚሆን ነገር ነው።

መፍትሔው ሰንጠረዡን መጣል አይደለም። ሁለት ነገር መጨመር ነው። አንደኛው፣ መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ ሰኔ ላይ ተፈተኑ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ልጅ መስከረም ላይ ከነበረበት ምን ያህል ተራመደ የሚለው ነው። ከ30 ወደ 48 የመጣችው ልጅና ከ80 ወደ 82 የመጣችው ልጅ እኩል አልተራመዱም።

ለድሀ ልጅ ሌላ ትምህርት?

የልጁን ሁኔታ እናስብ ስንል ግን የሚያስፈራ ነገርም አለ። በዚህ አገር አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ብዙዎች «ሴክተር ሪቪው» እያሉ የሚያስታውሱት ማለት ነው፣ አብዛኛው ሕዝብ ገጠር ስለሆነ፣ ገንዘቡም ስለማይበቃ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ጥቂቱ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነበር፤ ትምህርት ላልደረሰው ገጠር ትምህርት ያደርሳል። መምህራንና ወላጆች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት። «የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የእኛ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ማረሻው ይመለሳል» ብለው ተነሡ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። መንግሥት ዕቅዱን አቆመው፤ አብዮቱ ግን ከዚያ በኋላ አልቆመም።

የዚያን ጊዜ ወላጆች የገባቸው ነገር ዛሬም ይሠራል። የልጁን ድህነት አይቶ መለኪያውን ማሳጠር፣ በርኅራኄ መልክ የሚመጣ ንቀት ነው። «የገጠር ልጅ ስለሆነ ስሙን መጻፍ ከቻለ ይበቃዋል» የሚል መምህር ልጁን «ዶማ» ብሎ ከሚሰድበው መምህር የሚሻል ሊመስል ይችላል። ግን ሁለቱም ስለ ልጁ ነገ አንድ ዓይነት ፍርድ ሰጥተዋል፤ አንዱ በቁጣ፣ ሌላው በከንፈር መምጠጥ።

ጆን ሮልስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማንም ሰው የተወለደበትን ቤትም ሆነ ይዞት የተወለደውን ተሰጥኦ በሥራው አላገኘውም፣ ስለዚህ ማንም በዚህ ሊመካ አይገባውም ይላል። ልክ ነው። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ከገፋነው ግን ልጁ ራሱ ይጠፋብናል፤ ጥረቱም የእናቱ፣ ስንፍናውም የአባቱ ይሆንና እሱ የት አለ? እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኗን እያሸች ደብተሯን የከፈተችውን ልጅ «አንቺ የሁኔታ ውጤት ነሽ» ማለት ያንን የከፈተችበትን እጅ መንጠቅ ነው። እሷ የምትፈልገው ሁለቱንም ነው፤ ጫናዋ እንዲታወቅላትም፣ ሥራዋ የራሷ እንዲባልላትም። መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ እዚያ ለመድረስ የሚሰጠው ድጋፍ ግን እንደየልጁ ይለያይ። ከዚህ የተሻለ ፍትሕ አላየሁም።

የቆየው ጥያቄ

«ስንተኛ ወጣህ?» ከመምጣቱ በፊት በዚሁ አገር ሌላ ጥያቄ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይለያል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ፊደል ሳይለይ ወንጌል አይገባም። አንዱ በዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው በሦስት ዓመት። ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ ይደግሳል። ስንተኛ ሆኖ እንደ ደገመ የሚጠይቅ የለም። በቁርአን ቤትም ያው ነው። ልጁ ከአሊፍ ተነስቶ፣ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን እየቀራ፣ እያጠበ፣ እንደገና እያስጻፈ ይሄዳል። ያኸተመ ቀን ይደገስለታል። በሁለቱም ቤት ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስቀጽላሉ። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀው «የት ደረስክ?» ብሎ ነው።

ያንን ትምህርት ቤት ማስዋብ አልፈልግም። አለንጋው ከባድ ነበር፤ ሴት ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ብዙ የቆሎ ተማሪ ተርቧል። የጥያቄው ጥበብ ግን ከአለንጋው ተለይቶ ሊወሰድ ይችላል። «የት ደረስክ?» ልጁን ከጓደኛው ጋር አያጣላውም። መልሱም ቁርጥ ያለ ነው፤ ወይ አንብቧል፣ ወይ አላነበበም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያዘ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ ከክፍል ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሕፃን ልጅ እንዳይደግም፣ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር ነው። ካርዱ ላይ ያለው ደረጃ ግን እንዳለ ቀረ። ሁለቱ ሲገናኙ የት እንደ ደረሰ ሳይጠየቅ የሚያልፍ፣ ስንተኛ እንደ ወጣ ግን በየመንፈቀ ዓመቱ የሚነገረው ልጅ ፈጠሩ። ደረጃ አንድ አስገራሚ ጸባይ አለው፤ በማንኛውም ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣ አለ። ማንም በቅጡ ማንበብ በማይችልበት ክፍል ውስጥም አንድ ልጅ አንደኛ ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወላጁም ረክቶ ይሄዳል። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ሲመጣ ያ «ጎበዝ» ልጅ ይወድቅና ሁሉም ይደነግጣል። ልጁ አልተለወጠም። ከዚያ በፊት ማንም የት እንደ ደረሰ አልጠየቀውም ነበር።

«ልጆች ካልተወዳደሩ አይበረቱም» የሚል ወላጅ አለ። ሐሳቡን አልንቀውም። በደረጃ የሚበረታው ግን ከፊት ያሉት አምስት አሥር ልጆች ናቸው። 47ኛ የወጣች ልጅ 46ኛ ለመውጣት ብላ ሌሊት አትነሳም። «እስከ ፋሲካ ይህን ምንባብ ሳልሰናከል አነብባለሁ» ለማለት ግን ልትነሳ ትችላለች።

መዝገቡ ላይ ምን ይጻፍ?

ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ተማሪዎችን በጾታ፣ በዕድሜ፣ በክፍል፣ በክልል ይቆጥራል። ሴት ልጆች ለብቻቸው መቆጠራቸው የወረቀት ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቁጥሩ ስላለ «ሴቶቹ የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ፤ ሴት ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የማምጣቱ ሥራም በዚያ ተደገፈ። የቆጠርነው ነገር ተጠያቂ ያደርገናል። የልጁ የእግር መንገድ ርዝመት፣ ኬጂ ወይም ኦ ክፍል አልፎ መምጣቱ፣ ከወላጁ ጋር ወይም ከዘመድ መኖሩ ግን ብዙ ጊዜ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጭንቅላት አያልፍም። መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ይህን በአንድ ደብተር ላይ ለመጻፍ በጀት አያስፈልግም።

«መምህሩ ላይ ሌላ ሸክም ልትጨምሩ ነው?» የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ትክክልም ነው። ደመወዙ ወሩን የማያደርሰውን፣ ከስድሳ በላይ ልጅ ባንድ ክፍል የሚያስተምርን ሰው ለአገሩ ድህነት ተጠያቂ ማድረግ ሌላ ግፍ ነው። ግዴታው መከፋፈል አለበት። መምህሩ የሚጠየቀው ሳይቀር በመግባቱና ያልገባውን ልጅ በማወቁ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚጠየቀው ምርጡን መምህር አንደኛ ክፍል ላይ በመመደቡ ነው፤ አሁን ልማዱ ምርጡን ለስምንተኛ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ወረዳው የሚጠየቀው በመጽሐፉ፣ በምገባው፣ የትምህርት ዘመኑን ከአዝመራው ጋር በማስማማቱ ነው። ዘመዷን «ላስተምርሽ» ብላ ያመጣችው አክስት የምትጠየቀው በአንድ ሰዓት ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ለደብተሯ ትተውላት። እኛ አላፊ አግዳሚዎቹ የምንጠየቀው ደግሞ በምንጠይቀው ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ አሁን ከወትሮው ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። ከዚያ በፊት ኮሮና ነበር፤ የሰሜኑ ጦርነት ነበር። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ ወትሮ በመዝገቡ ላይ ጎልቶ የማይታይ አንድ ዓምድ ሁሉንም ይበልጣል፤ ዕድሜ። የ14 ዓመት ልጅ አራተኛ ክፍል ገብቶ፣ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጥ ነው። ጢም ሊያበቅል የደረሰን ልጅ ካርድ ሰጥተን «ስንተኛ ወጣህ?» ብንለው በሚቀጥለው መስከረም አይመጣም።

ስለዚህ የሚመለሱትን ልጆች የሚቀበል ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ የሚያወጣ ፈተና ባይፈትናቸው ጥሩ ነው። አንድ መምህር አንድ ገጽ ምንባብ ይዞ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ጠርቶ፣ ሌላው ሳይሰማ ያስነብባቸው። ፊደል ላይ የቀረውን «ፊደል»፣ ቃል ላይ የቀረውን «ቃል»፣ ዓረፍተ ነገር የሚያነብበውን «ዓረፍተ ነገር» ብሎ ከስሙ ጎን ይጻፍ። ለስድሳ ልጅ ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ አይወስድም። ታኅሣሥ ላይ፣ ገብሱ ከገባ በኋላ፣ ያንኑ ገጽ ይዞ እንደገና ይጥራቸው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይሰረዝ ሁለተኛውን ከጎኑ ይጻፍ። ወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ለእያንዳንዱ አባትና እናት የሚነገረው የእነዚህ የሁለት ቃላት ልዩነት ይሁን።